ዓሣውስ ይመጣል፤ ገዢውስ?

ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር እንዴት ከረሙ? ዘንድሮ ለሳልመን ሥራ አላስካ ልሂድ ወይስ እዚሁ ሲያትል ያለችኝን ሥራ ይዤ ልቀመጥ? እርስዎን ጠይቅ ብለውኝ ነው» ይላል። መልእክቱን ከፍቼ አነበብኩት፤ ማንበቤም ለሱ ይታየዋል። አራት ቀን ሙሉ ግን አንድ ቃል አልመለስኩለትም። የኮራሁበት ሳይመስለው አልቀረም።

ኩራት አይደለም ወንድሜ። የዛሬ ሁለት ዓመት ይኸው ጥያቄ ሲመጣልኝ በአምስት ደቂቃ ነበር የመለስኩት። መልሱ ደግሞ ስህተት ነበር። አሁን ቀስ ብዬ ልመልስ፤ ለሱ የምለውን እናንተም ስሙት። ይረዝማል። ቡና ያልጣደ ይጣድ።

ለማታውቁኝ፣ ባሕር ዳር ውስጥ 17 ዓመት ኢኮኖሚክስ አስተምሬያለሁ። ሲያትል ስመጣ የፍላጎትና የአቅርቦት መምህር የሚፈልግ አላገኘሁምና ፓርኪንግ ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ወዳጄ «ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ምግብና መኝታ በነሱ፣ የአውሮፕላን ትኬትም በነሱ» ብሎ አላስካ ይዞኝ ሄደ።

የሄድንበት ቦታ ብሪስቶል ቤይ ይባላል፤ በደቡብ ምዕራብ አላስካ ያለ የባሕር ወሽመጥ ነው። ከአንኮሬጅ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም። በአውሮፕላን ኪንግ ሳልመን የምትባል ቦታ ትወርዳላችሁ (አዎ፣ ከተማዋ የተጠራችው በዓሣ ስም ነው)፣ ከዚያ ጥቂት በመኪና ሄዳችሁ ናክነክ ትገባላችሁ። ናክነክ በብርዱ ወራት ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ጁን መጨረሻ ላይ ግን እግር መጣያ የለም። አጥማጁ፣ መካኒኩ፣ ፓይለቱ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፤ ከፊሊፒንስ፣ ከሜክሲኮ፣ ከሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኛም አገር የመጣው ሁሉ እዚያ ነው።

እዚያ የሚጠመደው ሶክአይ የሚባለው ሳልመን ነው፤ ሥጋው ቀይ ነው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ሁለት ሦስት ዓመት ያድጋል፣ ከዚያ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። የሚጠመደው ሲመለስ ነው። በዓለም ላይ ከሚጠመደው ሶክአይ ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከዚህ አንድ ወሽመጥ ነው። ያውም ዋናው ግፊያ ጁላይ 4 አካባቢ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ነው። ዓመት ሙሉ የሚሸጥ ዕቃ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይወርድባችኋል ማለት ነው። ይህቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

(እኛ አበሾቹ ደግሞ የራሳችን ጣጣ ነበረብን፤ ጊዜው የሰኔ ጾም ነው። እኩለ ሌሊት ላይ፣ እስከ ክርናችን የዓሣ ደም ተነክረን፣ «ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም» ክርክር ይነሳል። አንዱ «ጾሙ የሐዋርያት፣ ጴጥሮስም ዓሣ አጥማጅ» ይላል። ሌላው «አጠመደ እንጂ በጾም በላ አልተባለም» ይለዋል። እስከ ሐምሌ 5 ሳይፈታ ጾሙ ተፈታ።)

የሥራውን ነገር ብዙ አልተርከውም። 16 ሰዓት መቆም ነው። ጭንቅላቱ የተቆረጠና ሆዱ የተቀደደ ዓሣ ተሰልፎ ይመጣል፣ አከርካሪው ላይ የረጋውን ደም እየፋቃችሁ ታሳልፋላችሁ። እንቁላሉ ለብቻው ክፍል ይገባል፤ ለጃፓን ገበያ ስለሆነ እንደ ወርቅ ነው የሚያዘው። ሌሊት ጣታችሁ አልታጠፍ ይላል። ግን ከ8 ሰዓት በላይ ያለው በአንድ ተኩል ይታሰባል፣ የምታወጡበትም ቦታ የለም። ያን ዓመት 79 ሚሊዮን ሶክአይ ወደ ብሪስቶል ቤይ ተመለሰ፤ 60 ሚሊዮኑ ተጠመደ። መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ አልታየም። ለአጥማጆቹ የተከፈለው መነሻ ዋጋ በፓውንድ 1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ነበር። እኔ ታክሱ ተቆርጦ ከ10 ሺህ ዶላር ትንሽ ያለፈ ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አፌን መግታት አቃተኝ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አላስካ አላስካ ሆነ ወሬዬ። ኖቬምበር ላይ የአላስካ መንግሥት የሚቀጥለውን ዓመት ትንበያ ያወጣል፤ ለ2023 ወደ 50 ሚሊዮን ዓሣ ይመለሳል አለ። ባሕር ዳር ያስተማርኩት አንድ ልጅ፣ እዚህ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ «ቲቸር፣ ልሂድ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሚስቱን ለማምጣት ገንዘብ እያጠራቀመ ነበር። አለቃው ለስድስት ሳምንት ፈቃድ አልሰጥም ብሎታል፤ መሄድ ካለበት ሥራውን ለቆ ነው። እኔ ምን አልኩት? «ትንበያው ጥሩ ነው። ዓሣው አለ። ሂድ።»

አስቡት እንግዲህ። 17 ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር እያጠላለፍኩ የኖርኩ ሰው የአንዱን መስመር ብቻ ነው ያየሁት።

ይባስ ብሎ የራሳችን ምሳሌ ነበረኝ። የ1994 ዓ.ም.ን በቆሎ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ምርቱ ሞልቶ ዋጋው ወድቆ፣ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል በርካሽ ሲሸጥ፣ አንዳንዱም የማጨጃ ወጪውን አይሸፍንልኝም ብሎ ማሳው ላይ ሲተወው። በየዓመቱ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ይህንን አስተምር ነበር። ፈተናም አወጣበት ነበር! ለበቆሎ የገባኝ ለዓሣ ሳይገባኝ ቀረ።

በ2023 እኔን ከማጠቢያው አንስተው ሚዛን ላይ አደረጉኝ። ዕድሜ አይተው ይመስለኛል። አጥማጆቹ 32 ጫማ በሚረዝሙ ጀልባዎች ነው የሚሠሩት፤ ከዚያ በላይ በሕግ አይፈቀድም። ያጠመዱትን ቴንደር ለሚባሉ ትልልቅ መርከቦች ያስረክባሉ፣ ቴንደሩ ወደ ፋብሪካው ያመጣል፣ ዓሣው በፓምፕ እየተሳበ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ርክክብ ደረሰኝ አለ። የጀልባው ስም፣ ቀኑ፣ የዓሣው ዓይነት፣ ስንት ፓውንድ። ደረሰኞቹን ሳገላብጥ የዋጋው ቦታ ባዶ ነው።

መጀመሪያ የተረሳ መስሎኝ አንዱን ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። ለካስ ነገሩ እንዲህ ነው፤ አጥማጁ ዓሣውን ያስረክባል፣ ዋጋውን የሚሰማው ወቅቱ ከተጋመሰ ወይም ካለቀ በኋላ ነው። ዓሣው ስለሚበላሽ ይዞ መደራደር አይችልም፤ እዚያ አካባቢ ያሉት ገዢዎችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በረዶ ላይ ጥሩ አድርጎ ላቀዘቀዘ ቦነስ አለ፣ ሽያጩ ከሠመረ በሚቀጥለው ዓመት ጭማሪም ሊመጣ ይችላል። ግን መረቡን ሲጥል በስንት እንደሚሸጥ አያውቅም። እኛ አገር እሸት ቡናውን ለማኅበር አስረክቦ የትርፍ ክፍፍል የሚጠብቅ ገበሬ አለ፤ እሱ ቢያንስ የመጀመሪያውን ክፍያ አይቶ ነው የሚያስረክበው።

ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ከአንድ የጀልባ ካፒቴን ጋር ተግባብተን ነበር። የኔ እኩያ ነው። እዚያ ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የፈቃዶቹ ቁጥር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተገደበ ስለሆነ የሚገኘው ከያዘው ሰው በመግዛት ነው። እሱ ጥሩ ዘመን ላይ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ፣ ያውም በብድር፣ ገዝቶ ነበር። «ዓሣው አያሳስበኝም፤ ዓሣው ሁልጊዜ ይመጣል» አለኝ። የተናገረውን ያኔ እንደ ፉከራ ነው የሰማሁት።

ጁላይ አጋማሽ ላይ ዋጋው ተነገረ። 50 ሳንቲም።

ያን ቀን ሚዛኑ አካባቢ የሰማሁትን ስድብ በአማርኛ ብተረጉመው ገጼን ይዘጉብኛል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጀልባዎች ተሰባስበው ጽሑፍ አንግበው ናክነክ ወንዝ ላይ ተቃውሞ ወጡ። አስቡት፤ በ1988 ለዚሁ ዓሣ በፓውንድ ከ2 ዶላር በላይ ይከፈል ነበር፤ በዚያን ጊዜ ዶላር! እኔ በሚዛን በኩል ላስላላችሁ። አንድ ሶክአይ 5 ፓውንድ ቢመዝን አጥማጁ የሚያገኘው 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ሲያትል ውስጥ አንድ ማኪያቶ ከዚያ ይበልጣል። ከዚያ ላይ ነዳጅ፣ የረዳቶቹ ድርሻ፣ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ዕዳ።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ወቅቱ አልቆ ሲያትል ስመለስ እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ።

ከሁሉ በፊት ያ የተኩራራሁበት የ2022 ዓሣ አላለቀም ነበር። 60 ሚሊዮን ዓሣ በአንድ ሰሞን ሲገባ ፋብሪካዎቹ አቀዝቅዘው መጋዘን ሞሉ፣ በጥሩ ዋጋ እንሸጣለን ብለው። ገዢው ግን በኑሮ ውድነት ተመቶ ወደ ዶሮና ወደ እንቁላል ዞረ። ዓመት ሙሉ የሚሸጠውን በሦስት ሳምንት የሚገዛ ነጋዴ ደግሞ በባንክ ብድር ነው የሚገዛው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ በ2022 መጀመሪያ ዜሮ አጠገብ ነበር፤ በ2023 አጋማሽ ከ5 በመቶ አለፈ። ሳይሸጥ በቀዘቀዘ ቁጥር ዓሣው ወለድ ይበላል። ስለዚህ እኔና ልጁ አውሮፕላን ስንሳፈር አምና ያጠብኩት ዓሣ ገና መጋዘን ተኝቶ ዘንድሮ ከሚጠመደው ጋር ሊፎካከር እየጠበቀ ነበር። የራሴ ዓሣ ነው ዋጋውን የጣለብን ብል ማጋነን አይሆንም።

የጃፓን ነገር አለ። በ1980ዎቹ ብሪስቶል ቤይን ያበለጸገችው ጃፓን ናት፤ የቀዘቀዘውን ሶክአይ አብዛኛውን የምትገዛው እሷ ነበረች። በ2021 መጀመሪያ አንድ ዶላር 105 የን አካባቢ ነበር፣ በ2023 በጋ 140 አካባቢ ደረሰ። አላስካ ዋጋ ሳትጨምር ለጃፓኑ ሲሶ ተጨመረበት። ደግሞስ ጃፓኖቹ የኖርዌይን የእርባታ ሳልመን ከለመዱ ስንት ጊዜያቸው! ኖርዌዮች በ80ዎቹ ሄደው ነው ሳልመን በሱሺ ያስለመዷቸው። የእርባታው ዓሣ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ፣ በአንድ መጠን፣ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። ዛሬ በዓለም ከሚበላው ሳልመን ከሦስት ሁለት እጅ በላይ የሚሆነው የእርባታ ነው፤ ዋናዎቹ ኖርዌይና ቺሊ። አላስካ በ1990 ዓሣ ማርባትን በሕግ ከልክላለች። የዱሩን እጠብቃለሁ ብላ ነው፤ አልፈርድባትም። ግን ሳልመን በስንት እንደሚሸጥ የሚወስነው ያ የዱሩ አይደለም።

ሩሲያም አለች። በ2023 የሩሲያ አጥማጆች እጅግ ብዙ ሳልመን አወጡ፤ አብዛኛው ፒንክ የሚባለው ርካሹ ዓይነት ነው። አሜሪካ ከዩክሬኑ ጦርነት በኋላ፣ ማርች 2022፣ የሩሲያን ዓሣ አታስገቡ ብላ ነበር። ነገር ግን ቻይና ሄዶ ተገፍፎ ፊሌቶ ከሆነ የቻይና ዕቃ ይባላል፣ በሩ ክፍት ነው። ያ ቀዳዳ የተዘጋው በዲሴምበር 2023 ነው፤ የኛ ወቅት ካለቀ ከአምስት ወር በኋላ። አይገርምም እንዳትሉኝ፤ የአላስካም ዓሣ ብዙው ቻይና ሄዶ በሰው እጅ አጥንቱ ተለቅሞ ነው የሚመለሰው። አላስካ ውስጥ ወጥቶ፣ ፓስፊክን ሁለቴ ተሻግሮ፣ ሲያትል ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚገኝ ዓሣ አለ። ከኔ የበለጠ አገር አይቷል።

ሲያትል ገብቼ ሱቅ ስሄድ ሶክአይ ፊሌቶ በፓውንድ 14 ዶላር ተለጥፎበታል። አምናም 14 ነበር። ከአንድ ዓሣ ግማሽ ያህሉ ፊሌቶ ይወጣዋል ብላችሁ ብታስቡ ያ የ2 ዶላር ከ50ው ዓሣ መደርደሪያው ላይ 35 ዶላር ሆኗል። መሀል ያለው ሁሉ ሌባ ነው አልልም፤ መሀል ያለሁት እኔም ነኝ፣ ደመወዜ ከዚያ ነው የወጣው። ቴንደሩ አለ፣ በረዶው፣ ካርቶኑ፣ መርከቡ፣ መጋዘኑ፣ ባንኩ፣ ሱቁም ሳይሸጥ የሚጥለው አለ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አጥማጁ ጋ ዋጋው ከግማሽ በታች ሲወርድ መደርደሪያው ላይ ምንም ካልወረደ፣ ገዢው ዓሣው እንደረከሰ በምን ያውቃል? ካላወቀ ብዙ አይገዛም፤ ካልገዛ መጋዘኑ አይራገፍም። ዋጋ መልእክት ነው እያልን እናስተምር የለ? መልእክቱ መንገድ ላይ ቀረ።

ወደ ልጁ ልመለስ። እሸሻለሁ እንጂ ጽሑፉ ስለሱ ነው።

ያን ዓመት ዓሣው መጥቷል፤ 40 ሚሊዮን ተጠምዷል፣ ትንበያው አልዋሸም። ግን እኛ የነበርንበት ፋብሪካ ወጪ ለመቀነስ የሌሊቱን ፈረቃ አጠፈው፣ ልጁም ሌሊት ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሻንጣውን ይዞ ሚዛኑ ጋ መጣና «በል ቲቸር፣ ሲያትል እንገናኝ» አለኝ። የያዘው እኔ አምና ካገኘሁት ግማሽ አይሞላም። ጋራዡ ሰው ተክቶበታል። የሚስቱ ጉዳይ አንድ ዓመት ከምናምን ገፋ። እስከዛሬ አንድ ቀን «አንተ ነህ» ብሎኝ አያውቅም፤ «እርስዎ» እንዳለኝ ነው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው ጸደይ ፋብሪካው ራሱ ዘንድሮ አንከፍትም የሚል ደብዳቤ ላከልን። ያኔ አላስካ ውስጥ ብዙ ፋብሪካ ወይ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር ወይ ተዘግቶ ነበር። በ2024 የመነሻ ዋጋው ወደ 80 ሳንቲም ከፍ አለ፤ ግን የተጠመደው ወደ 32 ሚሊዮን ወረደ፣ ዓሣውም ከወትሮው አነስ ያለ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንዲት የሰፈራችንን እማማ ፉድ ባንክ ላደርሳቸው ሄድኩ። ዘይት፣ ምስር፣ ፓስታ ሰጧቸው፣ ከሥር አራት ቆርቆሮ ሳልመን። የፌደራሉ መንግሥት የተረፈውን የአላስካ ሳልመን እየገዛ ለድጎማ ምግብ እንደሚያከፋፍል አንብቤ ነበር፤ በዓይኔ ሳየው ግን ሌላ ነው። እማማ አገላብጠው አዩትና «የድመት ነው?» አሉኝ።

«የሰው ነው እማማ። ከነዚህ አንዱን እኔ ሳላጥበው አልቀርም።»

ዝም ብለው ቆዩና መኪና ውስጥ ገብተን «ልጄ፣ አንተ ያን ያህል ደክመህበት ለምንድነው በነጻ የሚሰጡት?» አሉኝ። ከኔ ተማሪዎች ማንም እንደዚህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። እስከ ቤታቸው ድረስ ሳስረዳቸው ሄድኩ፤ ጃፓንን፣ ሩሲያን፣ ወለዱን። ሲወርዱ «እና ገዢ አጥቶ ነዋ» አሉኝ።

ገዢ አጥቶ ነዋ! እኔ ሦስት ወር ያነበብኩትን።

እንግዲህ አንተ በውስጥ መስመር የጻፍክልኝ ልጅ፣ ዛሬ ጠዋት የመለስኩልህን እዚህም ላስቀምጠው። ለ2025 የተተነበየው 51 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ጥሩ ነው፣ ግን ለዓሣው ጥሩ ነው። አንተ ሌላውን መስመር ጠይቅ። የሚቀጥርህ ካምፓኒ ያምናውን ሸጦ ጨርሷል? ዓሣውን የሚያስገፍፈው የት ነው? በኤፕሪል 2025 አሜሪካና ቻይና አንዱ በሌላው ላይ ቀረጥ ከመቶ በመቶ በላይ አድርሰው ነበር፤ በቻይና በኩል የሚሠራ ሁሉ እንቅልፍ አልነበረውም። ውሉን አንብበው፣ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት እሰጣለሁ የሚል ነገር አለው ወይስ ዝም ብሎ «ረጅም ሰዓት» ነው የሚለው? እነሱ ቀድመው ካሰናበቱህ የመመለሻ ትኬቱ የማነው? ከሁሉ በላይ አሁን ያለህን ሥራ በፈቃድ እንጂ በመልቀቅ አትሂድ። ፈቃድ ከከለከሉህ አትሂድ። ይህን ለማለት አራት ቀን ፈጀብኝ።

መልሱ በሁለት ደቂቃ መጣ። «አመሰግናለሁ ቲቸር። ግን እነዚህን ጥያቄዎች ስጠይቃቸው የሚቀጥሩኝ ይመስልዎታል?»

እሱን ገና አልመለስኩለትም።